ገዥው ማንን ይሰማል? ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት፣ ስለ ኃይልና ስለ ውሳኔ ቦታ

በኪስ ውስጥ ያለ ስልክም ሆነ በጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው። ጣት እስኪነካው፣ መልእክት እስኪደርሰው፣ መረጃ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሥራ በመጣ ጊዜ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በምን ያህል ፍጥነት ይሠራ? ቢፈጥን ባለቤቱ አይጠብቅም፤ ባትሪው ግን ይሟጠጣል። ቢዘገይ ባትሪው ይቆጠባል፤ የባለቤቱ ትዕግሥት ግን ያልቃል። ይህ ውሳኔ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። የሚሰጠውም ከርነል የሚባለው፣ በፕሮግራሞቹና በሃርድዌሩ መካከል ቆሞ ሁሉን የሚያስተናግደው የኮምፒዩተሩ ሥርዓት እምብርት ነው።

ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ኢኮኖሚክስ ከተወለደ ጀምሮ ሲጨነቅበት የኖረው ችግር ነው፦ ውስን ሀብት አለ፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ዕውቀቱ በአንዱ እጅ፣ ውሳኔው በሌላው እጅ፣ ወጪው ደግሞ በሦስተኛው ጫንቃ ላይ ነው። የፕሮሰሰርን ፍጥነትና ኃይል የሚያስተዳድረው የከርነል ኮድ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተጓዘበት መንገድ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። የአንድ ሥርዓት ተለማጭነት በመቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ብዛት አይለካም። የሚለካው ውሳኔው ዕውቀቱ ካለበት ቦታ ምን ያህል እንደቀረበና ወጪውን ለሚከፍለው ሰው ምን ያህል እንደሚታይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። በሰከንድ የሚመታው የምት ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ በጊጋኸርዝ የሚለካውም እርሱ ነው። ለምቱ የሚፈጀው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ዝቅ ባለ ፍጥነት የሚሠራ ፕሮሰሰር ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ስለሚበቃው፣ ፍጥነትን መቀነስ ድርብ ትርፍ አለው።

በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ሥራ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ ለምቱም 1 ዋት ይወስዳል እንበል። ጠቅላላ ጉልበቱ 1 ጁል ነው። ፍጥነቱ በግማሽ፣ ቮልቴጁ ደግሞ በ20 በመቶ ቢቀነስ ኃይሉ ወደ 0.32 ዋት ይወርዳል። ሥራው 2 ሰከንድ ስለሚፈጅ ጠቅላላው 0.64 ጁል ይሆናል። ሥራው ያው ሆኖ ከጉልበቱ ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ ተቆጠበ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ልክ ነው።

ግን ሌላ ወጪ አለ። ትራንዚስተር ባይመታም እንኳ ኃይል እስካልተቋረጠበት ድረስ ኤሌክትሪክ ያፈሳል። ይህ ፍሳሽ እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ሠራህም አልሠራህም በየሰከንዱ ይከፈላል። በምሳሌያችን ፍሳሹ 0.1 ዋት ከሆነ፣ መፍጠን 1.1 ጁል፣ መዘግየት ደግሞ 0.84 ጁል ያስወጣል፤ ዘገምተኛው ያሸንፋል። ፍሳሹ 0.5 ዋት ከሆነ ግን መፍጠን 1.5 ጁል፣ መዘግየት 1.64 ጁል ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ማጥፋት፣ ማለትም ቤቱን አስረክቦ ከኪራዩ መገላገል ነው። በዚህ ስሌት የሁለቱ ስልቶች ወሰን 0.36 ዋት ላይ ነው። (ቮልቴጅ ሲቀንስ ፍሳሹም በመጠኑ ይቀንሳል፤ እዚህ ለቅለት ሲባል ቋሚ ተደርጓል።)

ስለዚህ «ቀስ ብሎ መሥራት ይሻላል» ወይም «ፈጥኖ ማረፍ ይሻላል» የሚል፣ ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ የለም። መልሱ በቺፑ፣ በሥራው ዓይነትና በእንቅልፉ ጥልቀት ላይ ይወሰናል። እንቅልፍም ቢሆን በነፃ አይገኝም፤ በጠለቀ ቁጥር ተኝቶ ለመንቃት የሚጠፋው ጊዜና ጉልበት ይበዛል። ለረጅም ጊዜ የሊኑክስ ከርነል ምንም ሥራ ባይኖረውም እንኳ ሰዓቱን ለመቁጠር ሲል ብቻ በሰከንድ መቶና ከዚያ በላይ ጊዜ ራሱን ይቀሰቅስ ነበር። ይህ ልማድ በሥራ ፈት ጊዜ መቅረት የጀመረው በ2007 በወጣው 2.6.21 እትም ነው። በየደቂቃው የሚቀሰቀስ እንቅልፋም ደግሞ አላረፈም ማለት ነው።

መሣሪያውና ፖሊሲው

ሐሳቡን ቀድመው በጽሑፍ ካቀረቡት መካከል በዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ማርክ ዋይዘርና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። በ1994 ባቀረቡት ጥናት ከሥራ ላይ ኮምፒዩተሮች የተቀዳ የእንቅስቃሴ መዝገብ ወስደው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ በሚፈታባቸው ክፍተቶች ፈንታ ቀስ ብሎ ቢሠራ ምን ያህል ጉልበት እንደሚተርፍ አሰሉ። ያጋጠማቸው ችግር እስከ ዛሬ አልተፈታም፦ ፍጥነቱን በትክክል ለመምረጥ የሚቀጥለውን ቅጽበት ማወቅ ያስፈልጋል፤ በእጅ ያለው ግን ያለፈው ብቻ ነው። በተግባር ሊሠራ የሚችለው መንገዳቸው የሚቀጥለው ቅጽበት ያለፈውን ይመስላል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነበር።

በ2003 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 2.6 ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክፍል ይዞ መጣ። ንድፉ ሥራውን ለሦስት ይከፍለዋል። ድራይቨሩ ሃርድዌሩ ምን ምን ፍጥነት እንዳለውና እንዴት እንደሚቀየር ያውቃል። በእንግሊዝኛ «ገቨርነር» የተባለው ክፍል ደግሞ ከሚቻሉት ፍጥነቶች የትኛው እንደሚመረጥ ይወስናል። ማዕከሉ ሁለቱን ያገናኛል፤ የወሰኖቹን ዝቅታና ከፍታም ይጠብቃል። ድራይቨሩ ስለሚቻለው፣ ገቨርነሩ ስለሚፈለገው ይናገራሉ ማለት ነው። መሣሪያና ፖሊሲ በመለያየታቸው አዲስ ቺፕ ሲመጣ ፖሊሲውን እንደገና መጻፍ አላስፈለገም፤ አዲስ ፖሊሲ ሲታሰብም በየቺፑ መዞር ቀረ።

ስሙ የመጣው ከእንፋሎት ሞተር ነው። ጄምስ ዋት በ1788 በሞተሩ ላይ የገጠሙት፣ ፍጥነት ሲጨምር እንፋሎቱን የሚያጠብ ተሽከርካሪ መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛም የብሔራዊ ባንክን ኃላፊ «ገዥ» እንላለን። ስለዚህ ይህንን የኮድ ክፍል «ገዥ» ብሎ መጥራት ከቃል ትርጉም ያለፈ ተገቢነት አለው። ሁለቱም ገዥዎች ስለ ኢኮኖሚያቸው ባልተሟላ መረጃ ላይ ተመሥርተው አንድ ቁጥር ይመርጣሉ፤ የቁጥሩ ውጤት ግን ዘግይቶና በሌሎች ላይ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ገዥዎች ሐሳባቸው ቀጥተኛ ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ከፍተኛውን ፍጥነት ይመርጣል፤ ሌላው ሁልጊዜ ዝቅተኛውን፤ ሦስተኛው ምርጫውን ከከርነል ውጭ ላለ ፕሮግራም ይተዋል። በ2004 «ኦንዲማንድ» የተባለው ገዥ ተጨመረ። እርሱ በየተወሰነ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል በሥራ እንደተያዘ ይለካል። መጠኑ ከተወሰነ ጣሪያ፣ ለምሳሌ ከ80 በመቶ፣ ካለፈ በአንድ ዝላይ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ይወጣል፤ ሥራው ሲቀንስ ይወርዳል። ወደ ላይ መዝለሉ በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። ያለ ምክንያት መፍጠን ጥቂት ጉልበት ያባክናል፤ ያለ ምክንያት መዘግየት ግን ሰው ፊት የተቀመጠውን ስክሪን ያንቀራፍፋል። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል ዋጋ የላቸውም፤ ፖሊሲውም ያንን ተቀብሎ የተነደፈ ነው።

ተራ አስከባሪው የሚያውቀው

ይህ ገዥ ለዓመታት አገልግሏል። ድክመቱ ግን ከተቀመጠበት ቦታ የሚመነጭ ነበር፤ ገበያውን በመስኮት የሚያይ ገዥ ነው። ፕሮሰሰሩ «ተይዟል» ወይም «ሥራ ፈትቷል» የሚለውን ያያል እንጂ ማን እንደያዘው፣ ለምን እንደያዘው፣ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አያውቅም። አንድ ሥራ ከአንዱ ኮር ወደ ሌላው ሲዛወር ታሪኩ በአሮጌው ኮር መዝገብ ላይ ይቀራል። አዲሱ ኮር ከባድ እንግዳ ተቀብሎ ሳለ በገዥው ዓይን ሥራ ፈት ነው፤ ፍጥነቱ የሚጨምረው የሚቀጥለው ልኬት እስኪደርስ ከተጠበቀ በኋላ ነው።

በዚያው ከርነል ውስጥ ግን ሁሉን የሚያውቅ ሌላ ክፍል አለ፤ ሼጁለር ይባላል። የአዲስ አበባ ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ «ተራ አስከባሪ» ከሚለው የተለየ አይደለም። ማን ወረፋ እንደያዘ፣ ማን እንደተሳፈረ፣ ማን ወደ ሌላ መሥመር እንደተዛወረ ያውቃል፤ የሚያውቀውም ራሱ ስላደረገው ነው። ገዥው በየጊዜው እየለካ የሚደርስበት ነገር ተራ አስከባሪው ቀድሞ የፈጸመው ነው፤ ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው።

ፍሪድሪክ ሃየክ በ1945 በጻፉት ዝነኛ ድርሰት ለኢኮኖሚ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአንድ ቦታ ተጠቃሎ እንደማይገኝና በየሰዉ እጅ ተበትኖ እንደሚኖር አስረድተዋል። የከርነሉም ችግር ይኸው ነበር። ፍጥነት መራጩ፣ እንቅልፍ መራጩና ተራ አስከባሪው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግምት ይዘው ተነጣጥለው ይሠሩ ነበር። በ2013 ከሼጁለሩ ኃላፊዎች አንዱ የሆኑት ኢንጎ ሞልናር ሦስቱ እንዲተሳሰሩ በጥብቅ ጠየቁ። በዚያው ዓመት የወጣው 3.8 እትም እያንዳንዱ ሥራ የጫነውን ሸክም ለየብቻ የሚመዘግብ ስልት አስገብቶ ነበር። በዚህ መዝገብ አሮጌ መረጃ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ከ32 ሚሊሰከንድ በፊት የሆነው ነገር አሁን ከሆነው ግማሽ ክብደት ብቻ ይኖረዋል። ሥራው ሲዛወርም ታሪኩ አብሮት ይሄዳል።

በዚህ መሠረት ላይ በ2016 ከ4.7 እትም ጋር «ሼድዩቲል» የተባለው ገዥ መጣ። ይህ ገዥ የራሱ መለኪያ የለውም፤ ተራ አስከባሪው መዝገቡን ባደሰ ጊዜ ያንኑ ቁጥር ይቀበላል። ደንቡም በአንድ መሥመር ያልቃል፦ ከሙሉ አቅም ምን ያህሉ እንደሚፈለግ ይወሰዳል፣ በ1.25 ይባዛል፣ ውጤቱ ፍጥነት ይሆናል። ፍላጎቱ 40 በመቶ ከሆነ ፍጥነቱ ከከፍተኛው 50 በመቶ ነው፤ ፍላጎቱ 80 በመቶ ሲደርስ ፍጥነቱ ሙሉ ይሆናል። ጆን ቴይለር በ1993 ያቀረቡትን የወለድ ምጣኔ ደንብ የሚያውቅ አንባቢ ዘመዱን እዚህ ያገኛል። ሁለቱም ጥቂት የሚታዩ ቁጥሮችን ወስደው፣ ማንም በወረቀት ሊያሰላው በሚችል ቀመር ውሳኔ ይሰጣሉ።

በጣሪያ ሥር የሚለካ ፍላጎት

ያቺ 1.25 ትንሽ ትመስላለች፤ ከኋላዋ ግን ሁለት የኢኮኖሚክስ ትምህርቶች አሉ።

የመጀመሪያው በስመ ዋጋና በእውነተኛ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በግማሽ ፍጥነት የሚሠራ ኮር መቶ በመቶ ተይዟል ቢባል፣ ከሙሉ አቅሙ የተጠቀመው 50 በመቶ ብቻ ነው። ፍጥነቱ እየተቀያየረ «ተይዟል» የሚለውን ቁጥር ብቻ ማወዳደር፣ የዋጋ ንረትን ሳያስቡ የዘንድሮን ደመወዝ ከአምናው ጋር እንደማወዳደር ነው። ስለዚህ ከርነሉ ልኬቱን በወቅቱ በነበረው ፍጥነት ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የበለጠ ስውር ነው። ኮሩ በግማሽ ፍጥነት ላይ ሳለ መቶ ሥራ ቢሰለፍም ሊለካ የሚችለው ከፍተኛ አጠቃቀም 50 በመቶ ነው። ስኳር በራሽን በሚታደልበት ቀበሌ የተሸጠው ኪሎ የፍላጎት ልክ እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም የተለካው አቅርቦቱ ነው። ገዥው የለካውን ብቻ ቢሰጥ ፍላጎት 50፣ ፍጥነት 50 ሆኖ ለዘላለም በዚያው ይቀር ነበር፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ተጣጥመው፣ ሰልፉ ግን እየረዘመ። በ1.25 ሲባዛ 50 ወደ 62.5 ይወጣል፤ በአዲሱ ጣሪያ ሥር ልኬቱ 62.5 ሲሆን ወደ 78 ገደማ ያድጋል፤ እንዲህ እያለ እውነተኛው ፍላጎት እስኪገለጥ ይወጣል። በመጀመሪያው ንድፍ ይህ ትርፍ የማደጊያ በር ነበር። በኋላ ልኬቱ ራሱ ተሻሽሎ በጣሪያው መታሰሩ ቀርቶለታል፤ ትርፉ ግን ለድንገተኛ ሥራ መጠባበቂያ ሆኖ ቆየ። የተለካን ፍላጎት ብቻ የሚያሟላ ሥርዓት ያልተለካውን ችግር አያይም። ይህ ከፕሮሰሰር አልፎ ለበጀትም፣ ለውጭ ምንዛሪም የሚሠራ እውነት ነው።

ውሳኔው ወደ ዳር ሲገፋ

ተራ አስከባሪውም ቢሆን ሁሉን አያውቅም። ሁለት ተሳፋሪዎች እኩል ጊዜ ቢጓዙ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሊንሸራሸር እንደወጣ አይለይም። የስልኩን ስክሪን የሚያንቀሳቅሰው ሥራና ፎቶዎችን ከበስተጀርባ የሚያደራጀው ሥራ ተመሳሳይ ሸክም ሊኖራቸው ይችላል፤ በጉጉት የሚጠብቀው ሰው ያለው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ይህንን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። በ2019 የወጣው 5.3 እትም ለእያንዳንዱ ሥራ «ከዚህ አታሳንሰኝ፣ ከዚህ አታስበልጠኝ» የሚል ወሰን ማስቀመጥ የሚያስችል መንገድ ከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው 5.0 ደግሞ ትላልቅና ትናንሽ ኮሮች ባሏቸው የስልክ ቺፖች ላይ፣ አንድ ሥራ በየትኛው ኮር ቢሠራ በአነስተኛ ጉልበት እንደሚያልቅ ከወጪ ሠንጠረዥ አስልቶ የሚመርጥ ስልት ይዞ መጥቶ ነበር።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ኢንቴል ከ2015 ጀምሮ ፍጥነቱን ቺፑ ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅድ አሠራር አስተዋወቀ። ከርነሉ ወሰኖቹን ይሰጣል፤ ከ0 እስከ 255 ባለ አንድ ቁጥርም ዝንባሌውን ይገልጻል፤ 0 ፍጥነትን፣ 255 ቁጠባን ያስቀድማል። በመካከሉ ያለውን ቺፑ ይወስናል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ፤ ቺፑ ሙቀቱንና የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ለመወሰንም ከከርነሉ ይፈጥናል። ነገር ግን ወኪልን በሾመ ሁሉ ላይ የሚደርሰው እዚህም ይደርሳል። ሹሙ ለምን እንዲህ እንደወሰነ ማንበብ አይቻልም፤ የውሳኔው ደንብ በፋብሪካው ውስጥ ተቆልፏልና።

ሳይጠየቅ የከፈለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። በ2017 መጀመሪያ አፕል ያረጀ ባትሪ ባላቸው አንዳንድ አይፎኖች ላይ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ኃይል የሚገድብ ማሻሻያ ላከ። ቴክኒካዊ ምክንያቱ የሚያሳምን ነበር፤ ያረጀ ባትሪ ድንገተኛ ከፍተኛ ኃይል ሲጠየቅ መስጠት ስለሚያቅተው ስልኩ ባልታሰበ ሰዓት ይጠፋል። ባለቤቶቹ ግን በግልጽ አልተነገራቸውም። ያዩት ስልካቸው መንቀርፈፉን ነው፤ ብዙዎችም አዲስ ስልክ የመግዣ ጊዜው የደረሰ መሰላቸው። ትክክለኛው መድኃኒት የባትሪ ቅያሬ ነበር። ኩባንያው በታኅሣሥ 2017 ጉዳዩን ካመነ በኋላ የባትሪ ቅያሬ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በመጋቢት 2018 የባትሪውን ጤንነት የሚያሳይና ገደቡን ማንሳት የሚያስችል ቅንብር ጨመረ፤ በ2020 ደግሞ በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋ።

እዚያ የተበላሸው ኢንጂነሪንጉ አልነበረም። ዕውቀቱ፣ ውሳኔውና ዝምታው በአንድ ወገን ተከማችተው፣ ክፍያው ብቻ በሌላው ላይ መውደቁ ነበር። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ወደ አገር ቤት የሚላከውን ያገለገለ ስልክ ያሰበ ሰው ክብደቱን ይረዳል። ስልኩ ባትሪው ደክሞ፣ ብዙ ጊዜም አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ በኋላ እናት እጅ ይደርሳል። የኃይል ፖሊሲው የተጻፈው ሶኬት ከጎኑ ለማይጠፋ፣ ፈጣን ስክሪን ለሚያስደስተው ገዢ ነው፤ አሁን የሚጠቀሙበት ግን መብራት ሲሄድ ባትሪው እስከ ማታ እንዲያደርስላቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። አንድሮይድ የቆመበት ሊኑክስ ከርነል ለእኚህ እናት የሚስማማ ገዥ መሾም ይችላል፤ መሣሪያውና ፖሊሲው ከተለያዩ ሃያ ዓመት አልፏል። ነገር ግን የገዥው ሹመት በአምራቹ እጅ ታትሞ የመጣ ነው፤ ሳይነካ የሚመጣ ቅንብር ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ብቸኛው ቅንብር ነው።

ስለ 1.25 ዛሬም ክርክር አለ። ኃይለኛ ቺፕ ላይ የ25 በመቶ ትርፍ እጅግ ብዙ ነው፣ ባትሪን ያለ ጥቅም ይበላል የሚሉ ገንቢዎች ቁጥሩ እንዲቀየር ወይም እንደ ሥራው እንዲለያይ ሐሳብ አቅርበዋል። ማን እንደሚረታ ከወዲሁ መናገር አይቻልም። ዋናው ነገር ክርክሩ መኖሩ ነው፤ ቁጥሩ ማንም ሊያነበው በሚችል መሥመር ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ የማይስማማ ሰው ምን እንደሚቃወም ያውቃል። ስለ አንድ ገዥ፣ የፕሮሰሰርም ይሁን የባንክ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይህ ነው፦ ደንቡ የት ተጽፏል? ወጪውን የሚከፍለውስ ሊያነበው ይችላል?